ከፌስቡክ የተገኘ ዘመድ

ሰው ተታለለ ሲባል ሰምታችሁ «እንዴት ይህ ጠፋው?» ብላችሁ የምትስቁ ሰዎች፣ እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ። እኔም እንደ እናንተው ነበርኩ። እንዲያውም የእኔ ይብስ ነበር። ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። በሯ ላይ ራሴ ጽፌ፣ ራሴ አትሜ፣ ራሴ በላስቲክ ለብጄ የለጠፍኩት ማስታወቂያ «በኢንተርኔት ከሚያጭበረብሩ ሰዎች ይጠንቀቁ» ይላል። ስማርት ስልክ ገና በየሰዉ እጅ መግባት የጀመረበት ጊዜ ስለነበር፣ ደንበኞቼ ወረፋ ሲጠብቁ ማስታወቂያውን ያነቡና እኔን እንደ ትልቅ አዋቂ ያዩኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልዋሻችሁ።

ጉዴ የጀመረው ከጣሪያ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን ክፍል ጣሪያ ያፈሳል። ክረምቱን ሙሉ የደሴን ዝናብ ሲጠጣ የከረመው ኪቦርዳችን መስከረም ላይ ሲከፈት ግማሹ ቁልፍ ዝም አለ፤ የቀረው ደግሞ አንዱን ስትነኩት ሦስት ሆኖ ይጮኻል። እንግዲህ በእኛ በጴንጤዎቹ ዘንድ ሠርግ ማለት ኪቦርድ ማለት ነው። እስክስታ አንወርድ፣ ጠላ አንጠምቅ፣ ጠጅ አንጥል። ኪቦርዱ ዝም ካለ ሠርጉን ከወላጆች ስብሰባ የሚለየው የሙሽራዋ ቬሎ ብቻ ነው።

በጥር የምትዳረው ደግሞ የገዛ እህቴ ጽዮን ነበረች። እናትና አባታችንን ቀድመን ስላጣን እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ እኔና የግቢያችን ባለቤት እማማ ዘይነባ። ጽዮን የኳየራችን ሶሎ ዘማሪ ናት። በደሴ ስንት ሙሽራ እሷ ዘምራላት ገብታለች። አንድ ማታ እራት ላይ፣ «የሰውን ሁሉ ሠርግ በኪቦርድ አድምቄ የራሴን በጭብጨባ ልገባ ነው?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጽዮን አልቅሳ የምታስቸግር ልጅ አይደለችም።  «ኪቦርዱን ለእኔ ተይው» አልኳት። ይህችን አፍ ያኔ የሚዘጋልኝ ሰው ቢኖር ኖሮ!

አዲስ ኪቦርድ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ ፌስቡክ ላይ «ደሴና ኮምቦልቻ ይሸጣል ይለወጣል» የሚል ቡድን ውስጥ ገባሁ። እናንተዬ፣ እዚያ ውስጥ ያልተሸጠ ነገር የለም። አንዱ የአንድ እግር ጫማ ለጥፎ «ሌላኛው ሲገኝ ይጨመራል» ይላል። ሌላው የፍየል ፎቶ አድርጎ ከሥሯ «በጣም ትንሽ ያገለገለች» ብሎ ጽፏል። ከፍየሏ ዝቅ ብሎ ግን አበባ ባለው ብርድ ልብስ ላይ የተጋደመ የሚያምር ኪቦርድ አየሁ። ሻጩ «ወንድም ናትናኤል» ይባላል፤ አድራሻው ኮምቦልቻ።

«ኪቦርዱ አለ?» ብዬ ጻፍኩ።

«ሰላም ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ። አለ» ብሎ መለሰ።

በቃ፣ እኔ እዚች ላይ አለቅሁ። አስተዋይ ሰው ቢሆን ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ቁልፎቹ ሁሉ ይጮኹ እንደሆነ ይጠይቃል። እኔ የጠየቅሁት «የት ነው የምታመልከው?» ብዬ ነው። እሱም የት እንደሚያመልክ ሳይነግረኝ፣ «ይህ የአምልኮ መሣሪያ ስለሆነ ለዘፋኝ ላለመሸጥ እየጸለይኩበት ነበር ወንድሜ። አንተን ጌታ ነው የላከህ» አለኝ። አሁን እስቲ ጌታ የላከው ሰው ቀብድ ሲባል «ዕቃውን ልየው» ይላል? በማግሥቱ ባንክ ሄጄ ቀብዱን አስገባሁ። ከዚያ የኪቦርዱ ገመድ ሌላ ሰው ጋ ነው፣ ለሱ መደወያ ካርድ ላክ አለ፤ ላክሁ። ማቆሚያ እግሩም ሌላ ሰው ጋ ነው አለ፤ ላክሁ። ካርድ ስፍቅ ስፍቅ አውራ ጣቴ ጥፍር ውስጥ የገባው ብናኝ ሳሙና አላስለቅቀው አለ። ጽዮን አይታ «ምን እየሠራህ ነው?» ብትለኝ «ቀለም ነው» አልኳት።

በመጨረሻ «ቀሪውን ዕቃውን ሳይ ነው» ብዬ ወንድ ሆንኩና የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴ ጠዋት ብርድ ነው፤ ሹራብ ላይ ጃኬት ደርቤያለሁ። ኮምቦልቻ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስደውልለት «መናኸሪያው በር ላይ ነኝ» አለኝ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ስደውል «ይቅርታ ወንድሜ፣ ቦርከና ድልድይ ጋ ሰው ጠርቶኝ ነው» አለኝ። ድልድዩ ጋ ስደርስ «አንተን ፍለጋ መናኸሪያ መጣሁ እኮ» አለኝ። እንዲህ ስንተላለፍ ዋልን። በላብ ስጠመቅ ጃኬቱንም ሹራቡንም አውልቄ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ክንዴ አንጠልጥዬ ስዞር፣ አንዲት ሴትዮ ከሱቋ ደጃፍ ጠራችኝና ጃኬቱን ገልበጥ አድርጋ ካየች በኋላ፣ «ሰልባጅ ነው? የመጨረሻ ስንት ትለዋለህ?» አለችኝ። ልገዛ ሄጄ ልሸጥ ምንም አልቀረኝም። ወደ ማታ ናትናኤል አንዲት መልእክት ላከልኝ። «ዛሬ የጌታ ፈቃድ አልነበረም መሰለኝ» ትላለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ባዶ እጄን ሐረጎን ስወጣ የሚኒባሱ ሬዲዮ ቀልድ እያወራ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔ በእኔ የሚስቁ ነበር የሚመስለኝ። ለሕግ ልናገር አልኩና የማውቀውን አንድ ፖሊስ መንገድ ላይ አገኘሁት። «ሰውየውን አይተኸዋል?» አለኝ። «አላየሁትም።» «ዕቃውንስ?» «አላየሁትም።» ትከሻዬን ቸብ አደረገና «አንተም ስታገኘው ንገረኝ» ብሎኝ አለፈ። ሱቄ ስገባ በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ላለማየት አንገቴን ሰብሬ ነው። ማታ ማታ ጽዮን «ኪቦርዱስ?» ስትል «መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። ሠርጉ እየቀረበ ነው፤ ኪቦርዱ ግን ያለው እሱ የሌለበት መንገድ ላይ ነው።

አንድ ጠዋት ግቢ ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብዬ ራሴን በሳሙና እያሸሁ ስልኬ ጮኸ። ስልኩ እማማ ዘይነባ የሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ነው ያለው። እማማ ዘይነባ ስልክ ሲጮኽ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። አንስተው፣ ጽዮን እንዳስተማረቻቸው ድምፁን ለግቢው ሁሉ ከፈቱት።

«ጌታ ይባርክህ ወንድሜ፣ ናትናኤል...» ማለት ጀመረ ስልኩ።

እሳቸው ስልኩን ሲያገላብጡ አልሰሙትም። አፋቸውን አስጠግተው «አሰላሙ አለይኩም!» አሉ።

ስልኩ ወዲያው ቃናውን ለወጠ። «ወአለይኩም ሰላም እማማ! ኑረዲን ነኝ!» አለ።

እኔ ሳሙና ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ግድግዳ እየዳበስኩ ነው። «እማማ፣ ይዝጉት! ሌባ ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ።

«ማሻአላህ፣ ኑረዲን! አገርህ ወዴት ነው ልጄ?»

«እዚሁ ነው እማማ... ደሴ ዙሪያ።»

«ደሴ ዙሪያ ወዴት? ወደ ቦሩ ሜዳ ነው?»

«አዎ፣ ቦሩ ሜዳ!»

«ኧረ እኔም የቦሩ ሜዳ ነኝ! የማን ልጅ ነህ?»

በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ከሰው ጋር የሚደረግ ወሬ የለም። ሰውየውም ይህን ያውቃል። «የሁሴን» አለ። ወሎ ውስጥ ሁሴን ብሎ የሚስት እንግዲህ ምን ዓይነት ዕድለ ቢስ ነው?

«የቱ ሁሴን? ሁሴን ይማም እንዳትለኝ! አሰብ ወርዶ የቀረው!»

«እንዴት አወቁት እማማ? እሱው ነው! አሰብ ነው የተወለድኩት!»

እማማ ዘይነባ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሁሴን ይማም የሟች እህታቸው ልጅ ነው። ድሮ አሰብ ወደብ ሸክም ሊሠራ ወርዶ እዚያው ሞተ፤ አንድ ወንድ ልጅ ትቷል የሚል ወሬ ብቻ መጥቶ ነበር። ልጁን ያየው ሰው የለም። እሳቸው በየዱዓቸው ሲያነሱት ኖረዋል። «ያረቢ! ያረቢ! የእህቴን ዘር አመጣህልኝ!» እያሉ ሲያለቅሱ፣ እኔም ዓይኔን አቃጥሎኝ አለቅሳለሁ። ያየን ሰው ሁለታችንም ዘመድ ያገኘን ይመስለዋል።

ውኃ አፍስሼ ዓይኔን ከገለጥኩ በኋላ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳኋቸው። ናትናኤል ነኝ ብሎ ገንዘቤን እንደበላ፣ እሳቸው ያሉትን ሁሉ እሺ እያለ እንደተቀበላቸው ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ኪቦርድህን ስላዘገየብህ የእህቴን የልጅ ልጅ ሌባ ትለዋለህ?» አሉኝ። ጠዋት ቂጣ የሚልኩልኝ ሰው ያን ቀንም በማግሥቱም አላኩም። ጽዮን «ምን ብትላቸው ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። የተሰረቅሁት እኔ፣ ይቅርታ የጠየቅሁትም እኔ ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር አሁንም ሰውየው ያሳዝነኛል። እማማ ዘይነባ ቁጥሩን በራሳቸው ትንሽ ስልክ አስመዘገቡኝና መደወል ጀመሩ። ጠዋት «ቁርስ በላህ?»፣ ቀን «ሰገድክ ልጄ?»፣ ማታ «ብርድ እንዳይመታህ።» ዘመድ ሁሉ በየተራ እንዲያናግረው ይደረጋል። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ማንሳት አቆመ። ካላነሳ «ታሞ ይሆናል» ብለው ይደጋግማሉ። ቁጥሩን ሊቀይር አንድ ሐሙስ ሲቀረው ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ሲያነሳ እንዲህ አሉት፦

«አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ድርሻህን የማትወስደው ለምንድን ነው? የአባትህ ነው እየተባለ ቦሩ ሜዳ አንድ በሬ ተይዞልህ ነው ያለው።»

 የሰውየው ድምፅ ወዲያው ጥርት ብሎ መጣ። «ምን ዓይነት በሬ ነው እማማ?»

«ቀይ ነው፣ ማሻአላህ። ትከሻው እንዲህ ነው!» በእጃቸው አሳዩት፤ በስልክ።

«ስንት ያወጣል?»

«ምን አልክ?»

«ጤናው ደህና ነው ወይ ነው ያልኩት።»

«አልሐምዱሊላህ! በል ሐሙስ ና፣ አብረን እንሄዳለን። የዚህንም ልጅ ዕቃ ይዘህ ና። ሌባ ነው እያለ ስምህን አጥፍቶብኛል። ስሙ የጠፋ ልጅ ይዤ በምን ዓይኔ ቦሩ ሜዳ እገባለሁ?»

«ኢንሻአላህ፣ ይዤው እመጣለሁ!» አለ። እኔ አላመንኩም። ሠርጉ እሁድ ነው። ጭብጨባው የሚደምቅበትን መንገድ ለኳየሩ እያሳየሁ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ደሴ መናኸሪያ ከኮምቦልቻ ከመጣ ሚኒባስ አንድ ሰው ወረደ። ሹል ጫማ፣ ጥቁር መነጽር፣ በክንዱ ሥር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር። ብርድ ልብሱ አበባ አለው!  እኔን ሲያይ «ጌታ ይባርክህ ወንድ...» አለና እማማ ዘይነባን ሲያይ «አሰላሙ አለይኩም» አለ። እሳቸው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። እኔ የተጠመጠምኩት ብርድ ልብሱ ላይ ነው። እዚያው በር ላይ ገልጬ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ሶኬት ላይ ሰክቼ፣ ቁልፎቹን ከዳር እስከ ዳር ነካኋቸው። ሁሉም ዘመሩ። ኪቦርዱ እውነተኛ ነበር። ለስንት ሰው እንደሸጠው ግን ፈጣሪ ይወቀው፤ በእጁ የተረከበው የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ቀሪ ክፍያውን ሊያነሳ አፉን ሲከፍት እማማ ዘይነባ «ከዘመድ?» ብለው አዩት። አፉን ዘጋ።

ኪቦርዱን ለጽዮን አድርሼ ስመለስ፣ ደስታዋ ገና ጆሮዬ ላይ አለ። እማማን ብቻቸውን ከሱ ጋር አልሰድም ብዬ አብሬ ቦሩ ሜዳ ወጣሁ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። እልልታው፣ ዱዓው፣ ትከሻ መሳሙ ሲያልቅ ሰውየው ዓይኑ በሬ ይፈልጋል። የእማማ ዘይነባ ወንድም አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ክንዱን ይዘው ወደ ማሳው ወሰዱት። ቀዩ በሬ አለ። ግን ከጎኑ ጥቁር በሬ አለ፤ ሁለቱም ቀንበር ሥር ናቸው።

«ይኸው በሬህ» አሉት አያ ይመር። «ጥቁሩ የጎረቤታችን ነው። መቀናጆ ነን።»

መቀናጆ ማለት እንግዲህ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በየተራ የሚያርሱበት ስምምነት ነው። አንዱ በሬውን ከወሰደ ሌላውም አያርስም።

«ልወስደው አስቤ ነበር» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ።

«ውሰደው እንጂ፣ ንብረትህ ነው! ብቻ የበልግ እርሻው ይለቅ። የበሬው ባለቤት አንተ ስለሆንክ የኛን ተራ የምታርሰውም አንተ ነህ። ጀባ ብዬሃለሁ!» ብለው እርፉን አስጨበጡት።

እናንተዬ፣ በሹል ጫማ የሚታረስ እርሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀዩ በሬ ዞሮ አየው፤ አላመነበትም። ሰውየው «ና!» ሲለው ቆመ፣ «ቁም!» ሲለው ሄደ። ትልሙ ከአንድ ጥግ ተነስቶ የራሱን ጅማሬ መልሶ አገኘው። ልጆቹ ሲስቁ አያ ይመር ተቆጡ። «አሰብ ውስጥ እርሻ አለ እንዴ? ባሕር ላይ ያደገ ልጅ ነው!» አሏቸው። እኔ ድንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ በዚያ ሁሉ ካርድ የተፋቀ አውራ ጣቴን እያየሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ሌባ ነው!» ብዬ ልጮኽ እችል ነበር። ግን የእማማ ዘይነባ ፊት እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። 

እሱም ለበሬው ሲል ሰነበተ፤ ቅዳሜንም አረሰ። ሊጠፋ ቢፈልግስ በየት? ሲወጣ አንዱ ይሸኘዋል፣ ሲገባ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሲተኛ አያ ይመር አጠገቡ ናቸው። እንግዳ ብቻውን መተው በዚያ አገር ነውር ነው።

እሁድ ጽዮን ተዳረች። ኪቦርዱ ሲነሳ አዳራሹ ጣሪያው የሚነሳ መሰለኝ። እህቴ ለራሷ ሠርግ ራሷ አንዲት መዝሙር ዘመረች፤ እኔ በመሐረቤ ፊቴን ሸፍኜ የልቤን አለቀስኩ። ሙሽራው ሲያቅፈኝ «ይህን ኪቦርድ እንዴት አገኘኸው?» አለኝ። «በጸሎት» አልኩት፤ ሐሰት አይደለም፣ የማን ጸሎት እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።

ምሳ ግቢያችን በተጣለው ድንኳን ነበር። እንደ ደሴ ወግ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ለየብቻ ታርዶ፣ ገበታውም በግራና በቀኝ ተለይቶ ቀርቧል። እማማ ዘይነባ ሰውየውን ከቦሩ ሜዳ አምጥተውት «የእህቴ የልጅ ልጅ ነው፣ ከአሰብ!» እያሉ ለሰው ሁሉ እያስተዋወቁ በቀኙ፣ በሙስሊሙ ገበታ አስቀመጡት። አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን ያያል። በእውነት የየትኛው እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። መዳፎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ጉርሻ እንኳ አይዙለትም። እኔ ሳልፍ እጄን ያዘኝ።

«ወንድሜ፣ በፈጠረህ አምላክ ንገራቸው» አለኝ። «በሬውም ይቅርብኝ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ደግሞ ሚስት እየፈለጉልኝ ነው።»

«እኔ ነግሬያቸው ቂጣ አስቀሩብኝ። አንተው ንገራቸው» አልኩት።

ተነሳ። ወገቡን ይዞ ነው የተነሳው። እማማ ዘይነባ ፊት ቆመና ላብ እያጠመቀው፣ «እማማ፣ ልዋሽዎት አልችልም። እኔ ኑረዲን አይደለሁም፤ ሁሴንንም አላውቀውም። አጭበርባሪ ነኝ። የእናንተ ዘር አይደለሁም» አለ።

እማማ ዘይነባ ለአፍታ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ ከሆዳቸው መጣ፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ወደ አያ ይመር ዞረው፣ «ሰማኸው? ሰማኸው የሁሴንን ልጅ? ሁሴንም ለእርሻ በነቃ ቁጥር ‹እኔ የናንተ ልጅ አይደለሁም፣ መንገድ ላይ ነው ያገኛችሁኝ› ይለን አልነበር?» አሉ።

«ቃል በቃል!» አሉ አያ ይመር፣ እሳቸውም ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አሁንስ ድምፁም የሱ ነው።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን ላድርግ? እማማ ዘይነባ ክንዱን ስበው አስቀመጡት፣ አንድ ትልቅ ቁራጭ ሥጋ በእንጀራ ጠቅልለው ወደ አፉ አስጠጉና፣ «ብላ ልጄ፣ ብላ» አሉት። «ነገ እርሻ አለ።»